«አገርህን ምረጥ»

ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ የተማሪዎቼን ደብተር ለማረም ብቻዬን ከክፍል ቀርቼ ሳለሁ፤ ከአሥራ አንደኛ ክፍል አንድ ልጅ በሩን ከፍቶ ገባና ቆመ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ካርታ ሲሥል በተለይ እጁ የተባረከ ነው። «መምህር፤ አንድ ነገር እንድጠይቅዎ ይፈቅዱልኛል?» አለኝ። ፈቀድሁለት። «አገሬን ማን ልበል?» ሲለኝ ጊዜ በእውነቱ ደነገጥሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝና፤ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አገሩ ማን እንደ ሆነች ሳላስተምር ቀረሁ እንዴ ብዬ ራሴን ጠረጠርሁ።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። ዱባይ የምትሠራ አክስቱ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ገዝታ በሰው እጅ ልካለታለች። መሣሪያው ሲከፈት ባለቤቱ በኩባንያው መዝገብ ላይ እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ስም ይላል፤ የልደት ቀን ይላል፤ ቀጥሎም «አገርህን ምረጥ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ከሥሩ የአገሮች ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ተዘርዝሯል። ልጁ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አንብቦታል። ከፊንላንድ በላይ መገኘት የሚገባው ስም የለም። መዝገቡ ካልተሞላ ደግሞ ከኩባንያው ሱቅ መግዛትም ሆነ በሩቅ ካለ ሰው ጋር መጫወት አይቻልም። ሌላ አገር ቢመርጥ ውሸት ሊሆንበት ነው። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ልጁም የመጣው ሊጠይቅ እንጂ ሊከስ አይደለም።

እኔም «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አሰናበትሁት። መምህር «አላውቅም» ከማለት ይልቅ «ነገ» ማለት ይቀለዋል። ነገሩን ሳገላብጠው ግን የልጁ ጭንቀት አዲስ ሆኖ አላገኘሁትም። እሱ ከመወለዱ በፊት የአሜሪካና የእንግሊዝ አገር ልጆችም «ይህ ጨዋታ ለእናንተ አገር አልወጣም» እየተባሉ፤ ከጃፓን እንዴት እንደሚያስመጡት ሲጨነቁ ኖረዋል። የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ታሪክ እሰጠዋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልኝ።

እኛ በክፍል ውስጥ ዓለምን በአህጉር ከፍለን እናስተምራለን። የጨዋታ ነጋዴዎች ግን የራሳቸው ካርታ ነበራቸው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት ካርታቸው በዋናው ሦስት ክፍል ነበረው፤ ጃፓን አንድ፤ ሰሜን አሜሪካ ሁለት፤ አውሮፓ ከአውስትራሊያ ጋር ሦስት። የካርታው አንዱ መሠረት ቴሌቪዥን ነው። የጃፓንና የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሥዕሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲያድስ፤ የአብዛኛው አውሮፓ ግን 50 ጊዜ ያድስ ነበር። የእኛም ቴሌቪዥንና የኤሌክትሪክ መሥመር የተሠራው በአውሮፓው ልክ ስለ ሆነ፤ ካርታውን ያወጣው መሐንዲስ ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ ጋር በተመደበች ነበር። ያወጡት ግን ሻጮች ናቸው። (ዘመድ ከአሜሪካ የላከለትን መሣሪያ ያለ ትራንስፎርመር ግድግዳው ላይ ሰክቶ ጢስ ያየ ሰው፤ የዚህን ካርታ ነገር ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል።)

አጥሩ እንዴት እንደ ታጠረ ማየት የሚያስቅም የሚያስገርምም ነው። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ፋሚኮም» የሚባለውን መሣሪያ በ1983 በአገሩ አወጣ። በ1985 ለአሜሪካ ሲያቀርበው መልኩንም ስሙንም ለወጠው። ጨዋታው የሚቀመጥበት ካሴት በጃፓን 60 የብረት ጥርስ ሲኖረው የአሜሪካው 72 ሆነ። በዚያ ላይ የቁልፍ ቺፕ ተጨመረ፤ ይኸውም አንዱ በመሣሪያው፤ አንዱ በካሴቱ ውስጥ ሆኖ እንደ ዘበኛና እንደ እንግዳ የምሥጢር ቃል ይለዋወጣሉ። ቃሉ ካልገጠመ መሣሪያው ደጋግሞ ራሱን እያስነሣ ያስቸግራል እንጂ ጨዋታውን አያሳይም። የሚያስቀው ግን ይህ ነው፤ በአሜሪካ መጀመሪያ ከተሸጡት ጨዋታዎች መካከል «ጃይሮማይት» የሚባለው አንዳንዱ ካሴት ሲፈታ፤ ውስጡ የተገኘው ባለ 60 ጥርሱ የጃፓን ሰሌዳ ከነማገናኛው ነው። አጥሩን ያጠረው ኩባንያ ራሱ ለጊዜው የጃፓን ዕቃ በማገናኛ እያሳለፈ ይሸጥ ነበር ማለት ነው። ይህን የሰሙ ሰዎች ጨዋታውን ትተው በውስጡ ላለው ማገናኛ ሲሉ «ጃይሮማይት»ን ይገዙ ጀመር።

ቀጥሎ የመጣው «ሱፐር ፋሚኮም» በ1990 በጃፓን፤ በ1991 ደግሞ በስም ተለውጦ በአሜሪካ ወጣ። በዚህ ጊዜ የሁለቱ አገሮች ልዩነት ካሴቱ በሚገባበት አፍ ውስጥ የቆሙ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ብቻ ነበሩ። የአሜሪካ ልጆች ፒንሳ አንሥተው ሰበሯቸውና የጃፓኑን ካሴት አስገቡ።

ለአውሮፓ ልጆች እንዲህ አልቀለለም። እዚያ አጥሩ ቺፕ ስለ ሆነ ፒንሳ አይሰብረውም። ስለዚህ ብልሆች አንድ ማገናኛ ሠሩ። ማገናኛው ሁለት ካሴት ይቀበላል፤ ከፊት የጃፓኑን ካሴት ትሰካለህ፤ ከኋላ ደግሞ በአገርህ ሱቅ በወጉ የገዛኸውን ማናቸውንም ካሴት ትሰካለህ። መሣሪያው የምሥጢር ቃሉን ሲጠይቅ የኋላው ይመልስለታል፤ ጨዋታውን የሚያመጣው ግን የፊተኛው ነው። እኛ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስንቀጠር ዋስ እንደምንጠራው ማለት ነው፤ የአገሬው ካሴት ለመጻተኛው ዋስ ይሆነዋል።

አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለአንድ ጨዋታ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ኳስና የመኪና እሽቅድምድም ብዙ ቃል ስለማይሹ ከአገር ወደ አገር ለመሻገር አይቸገሩም። ይቀሩ የነበሩት ረዥም ታሪክ የሚተርኩት ጨዋታዎች ናቸው። የጃፓን ጽሕፈት ብዙ ነገር በጥቂት ፊደል ያሳጥራል፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን ቦታ ይፈልጋል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ በካሴት ውስጥ ያለ ቦታ ውድ ነበር። ለአውሮፓ ሲሆን ፈረንሣይኛና ጀርመንኛም ይጠየቃል። ነጋዴው ቁጭ ብሎ ያሰላና «አያዋጣም» ይላል። በዚህም ምክንያት «ፋይናል ፋንታሲ 6» (1994)፤ «ክሮኖ ትሪገር» (1995) እና «ሱፐር ማሪዮ አር.ፒ.ጂ.» (1996) ጃፓንንና አሜሪካን ሲያዳርሱ አውሮፓ ሳይደርሱ ቀሩ። «ክሮኖ ትሪገር» አውሮፓ በወጉ የገባው በ2009 ነው። ለአሜሪካም ቢሆን ሁሉ አልተላከም፤ የ1986ቱ የጃፓን «ሱፐር ማሪዮ 2» ለአሜሪካውያን እጅግ ይከብዳቸዋል ተብሎ ቀርቶ፤ በ1988 ፈጽሞ ሌላ የነበረ ጨዋታ ማሪዮን አልብሰው በዚያው ስም ሸጡላቸው።

ነጋዴው አያዋጣኝም ብሎ በመተዉ አልወቅሰውም። መክሰርን ማንም አይወድም። የማይገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «አልሸጥልህም» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ሌላ አገር ሄደህ፤ የተጠየቅኸውን ከፍለህ፤ የመርከቡንም የጉምሩኩንም ችለህ ብትገዛ እንኳ አይሠራልህም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ያስመጣ ሰው ሌባ አይደለም። በእኛ ከተማ የተገለበጠ ዲስክ ሲሸጥ ያየን ሰዎች ልዩነቱን በደንብ እናውቀዋለን፤ ገልባጩ ለሠሪው ምንም አይከፍልም፤ አስመጪው ግን ከአገሬው ሰው አብልጦ ከፍሏል።

አውሮፓውያን አስመጪዎች ካሴቱን ሲያገኙ ያልጠበቁትን ነገር አገኙ። በ60 የተሠራ ጨዋታ ሳይስተካከል በ50 ሲታይ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይዘገያል፤ ሥዕሉም ከላይና ከታች ጥቁር መደብ ያበጅና ተጨፍልቆ ይታያል። በ1991 የወጣው «ሶኒክ» የሚባለው ሰማያዊ ጃርት፤ በፍጥነቱ የተወደሰው ማለት ነው፤ በአውሮፓ ዘገምተኛ ነበር፤ ዘፈኑም አብሮ ይጎተት ነበር። ልጆቹ ዘፈኑ የተሠራው እንደዚያ ነው ብለው ያደጉ ናቸው። የውጭውን መሣሪያ ያስመጣ ልጅ ከጓደኞቹ መካከል ትክክለኛውን ዜማ የሰማ የመጀመሪያው ሰው ይሆናል። ይህን ሳነብ በጣም አሳዘነኝ፤ ከዚያም ስንቱን ነገር እኛም በሌላ ሰው ልክ ተቀንሶ የደረሰንን እንደ ሙሉ ቆጥረነው ይሆን ብዬ አሰብሁ።

የቀረው አጥር ቋንቋ ነው፤ ይህም ለአንድ መምህር ከሁሉ የሚጣፍጠው ነው። የጃፓን ሰዎች ከቻይና ከወሰዱት ምልክት ሌላ ሂራጋናና ካታካና የሚባሉ ሁለት ፊደላት አሏቸው። እያንዳንዳቸው 46 ያህል መሠረታዊ ምልክት ሲኖራቸው፤ አብዛኞቹ ምልክቶች ልክ እንደ ፊደላችን ተነባቢውን ከነአናባቢው ይይዛሉ፤ «ካ» አንድ ምልክት ነው፤ «ኪ» አንድ ምልክት ነው። የእኛ «ካ» እና «ኪ» በመልክ ወንድማማች ናቸው፤ የእነርሱ ግን አይመሳሰሉም። ካታካና ብዙውን ጊዜ የውጭ አገር ቃል የሚጻፍበት ነው፤ የጨዋታ ትእዛዝ ደግሞ በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ካታካናን ያጠና ልጅ ጃፓንኛ ሳያውቅ «ሴቡ» የሚለውን አንብቦ «ሴቭ» መሆኑን፤ «አይቴሙ» የሚለውን አንብቦ «አይተም» መሆኑን ይደርስበታል። ባዕድ ቃል በአፋችን ሲገባ እኛም እንደ ምናደርገው ነው። መዝገበ ቃላት በጭናቸው ላይ ዘርግተው፤ በአንድ እጃቸው ጆይስቲክ፤ በሌላው እርሳስ ይዘው የከረሙ ልጆች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም እንጀራቸው ተርጓሚነት ሆነ።

ከእነዚህ አንዱን በስሙ ልጥቀስ። ሺጌሳቶ ኢቶይ የሚባል ጃፓናዊ የማስታወቂያ ጽሑፍ ደራሲ፤ «ማዘር» የሚባሉ ሦስት ጨዋታዎችን ደርሷል፤ ትርጉሙ እናት ማለት ነው። ሁለተኛው በ1995 «ኧርዝባውንድ» ተብሎ አሜሪካ ገባ፤ ብዙም አልተሸጠም፤ የወደዱት ግን ከልባቸው ወደዱት። ሦስተኛው ለአንድ መሣሪያ ተጀምሮ በ2000 ተሠረዘ፤ ከዚያም ለሌላ መሣሪያ እንደገና ተሠርቶ በሚያዝያ 2006 በጃፓን ብቻ ወጣ። ታሪኩ ስለ አንድ ቤተሰብ ነው፤ እናት ትሞታለች፤ ሐዘኑ አባትንና ሁለቱን መንታ ልጆች እየበተነ ይሄዳል። የሚኖሩባት መንደር ገንዘብ አታውቅም ነበር፤ መጻተኞች መጥተው ገንዘብን ያስተምሯታል፤ በየቤቱም «የደስታ ሣጥን» የሚሉትን ቴሌቪዥን መሳይ ነገር ያስገቡባታል። ከውጭ ስለ ገባ ዕቃ የተጻፈ ታሪክ ራሱ ከውጭ ሊገባ አለመቻሉ ይገርመኛል።

ይህ ጨዋታ የሚሠራበት መሣሪያ በአገር የሚለይ ቁልፍ አልነበረውም። ካሴቱን ከቶኪዮ ያስመጣ ሁሉ ያለ ፒንሳና ያለ ዋስ ይከፍተው ነበር። የሚከለክለው አለማንበብ ብቻ ነው። በአሜሪካ ያሉ ወዳጆቹ ፊርማ እያሰባሰቡ እንዲተረጎምላቸው ለኩባንያው አቤት አሉ፤ መልስ አላገኙም። በመጨረሻው ክላይድ ማንደሊን የሚባል በሙያው ተርጓሚ የሆነ ሰው፤ ከፈቃደኞች ጋር ሆኖ ጨዋታውን በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ሥራውም በጥቅምት 2008 ተፈጸመ። ያደሉት ጨዋታውን ሳይሆን ትርጉሙን ብቻ ነው፤ በጨርቅ ላይ እንደሚለጠፍ መጣፊያ ያለ ነገር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ማንደሊን ያንን ትርጉም ኩባንያው ያለ ክፍያ ወስዶ ይጠቀምበት ዘንድ አሳወቀ። ወሳጅ አልተገኘም። በ2024 ኩባንያው አሮጌውን ጨዋታ እንደገና ሲያቀርበው አሁንም ያቀረበው ለጃፓን ብቻ ነው።

ሕጉ እነማንን እንደሚደግፍ ደግሞ የሆንግ ኮንጉ ሱቅ ነገር ያሳያል። «ሊክ ሳንግ» የተባለ ሱቅ የእስያን ዕቃ በፖስታ ለዓለም ሁሉ ይልክ ነበር። የሶኒ ኩባንያ ፒ.ኤስ.ፒ. የሚባለውን የእጅ መሣሪያ በታኅሣሥ 2004 በጃፓን ሲያወጣ አውሮፓውያን እስከ መስከረም 2005 ድረስ እንዲጠብቁ ሆነ። ያልታገሡት ከሊክ ሳንግ አዘዙ። ሶኒ ሱቁን ሎንዶን ከሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ በጥቅምት 2006 ረታው፤ ሱቁም በዚያው ወር ተዘጋ። ሱቁ ሲዘጋ በአውሮፓ ያሉ የከሳሹ ሹማምንት ራሳቸው ሳይቀሩ ደንበኞቼ ነበሩ ብሎ አወጀ። ስምንት ወር ከምናምን ያልጠበቁት ሹማምንቱም ከሆኑ እንግዲህ ማን ይጠብቅ?

ከዚያ ወዲህ የፕላስቲኩም የቺፑም አጥር እየላላ መጣ። ኒንቴንዶ በ2017 ያወጣው «ስዊች» የየትኛውንም አገር ካሴት ይቀበላል። ታዲያ ችግሩ አለቀ እንዳንል፤ ጨዋታ በካሴት ሳይሆን በመሥመር ወርዶ የሚገዛ ዕቃ ሲሆን አጥሩ ከመሣሪያው አፍ ተነሥቶ ወደ መዝገቡ ገባ። በግንቦት 2024 ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለውን ጨዋታ በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ሁሉ በመዝገቡ እንዲመዘገቡ አዘዘ። መዝገቡ የማይቀበላቸው አገሮችና ግዛቶች ከ170 በላይ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ የሚቀበለው ደቡብ አፍሪካን ብቻ ነው። ገንዘብ ከፍለው ለወራት ሲጫወቱ የቆዩ ሰዎች አገር የለሽ ሆኑ፤ ጨዋታውም በእነዚያ አገሮች ከሽያጭ ተነሣ። ጩኸቱ ስለ በረታ ትእዛዙ በጥቂት ቀን ውስጥ ተሻረ። ኒንቴንዶም በ2025 «ስዊች 2»ን ሲያወጣ፤ ለጃፓን ሁለት ዓይነት አደረገው፤ ጃፓንኛ ብቻ የሚናገረውና በጃፓን የተመዘገበ ሰው ብቻ የሚገለገልበት 49,980 የን፤ ሌላ ቋንቋም የሚያውቀው 69,980 የን። ይህን የሚሰብር ፒንሳ አልተሠራም።

ልጁን «ነገ» ብዬው ስለ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አርብ ጠራሁት። የሁለቱን ካሴት ታሪክ ነገርሁት፤ ሳቀ። «እንግዲያው አክስቴ ከኋላ የምትሰካው ካሴት ናት» አለኝ። የእሷ አገር በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ በእሷ ስምና አድራሻ ቢመዘገብ በሩ ይከፈታል። ነገር ግን መዝገቡ የእሷ ይሆናል እንጂ የእሱ አይሆንም፤ በራሱ ስም የውሸት አገር ቢጽፍ ደግሞ ኩባንያው የደረሰበት ዕለት መዝገቡን ይዘጋል፤ በመሥመር የገዛው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ዲስክ ግን ከእጁ አይወጣም፤ ለጓደኛው ያውሰዋል፤ ሲሰለቸው ይሸጠዋል። ያለ መዝገብም ብቻውን ይጫወትበታል። ይህን ነገርሁት። ውሸት ነው አይደለም ለሚለው ጥያቄው ግን አፌን ሞልቼ መልስ አልሰጠሁትም፤ «አንተ አገርህን አልካድህም፤ የጠየቀህ ነው ያላወቃት» ለማለት ቃጥቶኝ ነበር፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ፈቃድ ከመምህር አፍ ሲወጣ ነገ በሌላ ቅጽ ላይም ይሠራልና ዝም አልሁ።

አክስቱ ለፋሲካ ትመጣለች። በሻንጣዋ ይዛለት እንድትመጣ የሁለት ዲስክ ስም ጽፎ ልኮላታል። ስለ መዝገቡ ግን ገና አልጠየቃትም፤ የሰው ስም በስልክ አይለመንም፤ ፊት ለፊት ነው አለኝ። እስከዚያው መሣሪያውን ሲከፍተው ያው ገጽ ይመጣል፤ እሱም መልሶ ያጠፋዋል።